አልጋ የያዘ የካንሰር ሕመምተኛን ሳያሳምሙ ማንቀሳቀስ፦ ከመገላበጥ እስከ ወንበር

ጅማ ውስጥ ካንሰር የጠናባቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ የማይ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የምገባበት ቤት ሁሉ ፍቅር ሞልቶታል፤ የሚቸግረው አያያዙ ነው። አንዱ ቤት «አትንኩት፣ ይረፍ» ተብሎ ሰውየው ሳምንት ሙሉ በጀርባው ተኝቶ ከመቀመጫው በላይ ቆስሎ አገኘዋለሁ። ሌላው ቤት ሁለት ጎረምሳ ብብቱን ይዘው ብድግ ሲያደርጉት ጩኸቱ ከግቢው በር ይቀበለኛል። ሁለቱም ስህተት በየሳምንቱ ስለሚገጥመኝ፣ ለቤተሰብ በቃል የማሳየውን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

ካንሰሩ ተሰራጭቶ ሕክምናው ወደ ማስታገስ ሲዞር፣ እንቅስቃሴ የምናሠራው ሕመምተኛው ዛሬ የሚፈልጋትን አንዲት ነገር እንዲያደርግ፣ ቆዳው እንዳይቆስል፣ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ፣ ትንፋሹ እንዲቀለው ነው። የድሮ ጉልበቱን እንመልስለታለን ብላችሁ አትግፉት።

እነዚህን ካያችሁ አትጀምሩ

- አዲስ የጀርባ ሕመም፣ በተለይ ደረትን ወይም ሆድን እንደ መቀነት የሚያጠብቅ፣ ሲያስል ወይም ሲተኛ የሚብስ፤ ከዚያ ጋር የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ሽንት መያዝ ወይም ማምለጥ። ካንሰሩ ኅብለ ሰረሰሩን እየተጫነው ሊሆን ይችላል። ለነገ አይባልም። እግሩ ጨርሶ ሳይሰንፍ የደረሰ ሰው መራመዱን የማትረፍ ዕድሉ ከዘገየው ይበልጣል።
- አንድ እግር ብቻ በድንገት ማበጥ፣ መሞቅ፣ ባቱ ሲነካ ማመም። የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል አትሹት፣ ለሐኪም ንገሩ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተጨመረበት ወዲያው ወደ ሆስፒታል።
- በቅርብ ኬሞቴራፒ የወሰደ ሰው ላይ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት።
- ጭን፣ ዳሌ ወይም ክንድ ላይ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ሲረገጥ ወይም ሲደገፉበት የሚብስ ሕመም። አጥንቱ ሊሰበር የተቃረበ ሊሆን ይችላል።
- ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ፣ ሲጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ በጣም የዘገየ።

ከመጀመሪያው ምልክት ጋር ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የምትሄዱ ከሆነ ባጃጅ አትጥሩ። ባጃጅ ላይ ሰው ይቀመጣል እንጂ አይተኛም፤ ኮብልስቶኑ ደግሞ አከርካሪውን ይንጠዋል። በጀርባው ቀጥ ብሎ እንደተኛ የሚሄድበት መኪና ፈልጉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ቁጥሩን አልጋው አጠገብ ግድግዳ ላይ ጻፉት።

ደረጃ 1፦ ሐኪሙን አራት ነገር ጠይቁ

አንድ ጊዜ ገና ከጤና ተቋም የወጣች ሴት ቤት ሄድኩ። ልጇ አንሶላ ሊቀይር ጭኗን ይዞ ሲያዞራት አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። ካንሰሩ ጭኗ አጥንት ውስጥ መግባቱን ለቤተሰቡ የነገረ ሰው አልነበረም። ልጁ ጥፋተኛ አይደለም፤ አልጠየቀም፣ አልተነገረውም። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ፣ መልሱን በወረቀት ያዙ፦

1. ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ገብቷል? የትኛው አጥንት? (የጡት፣ የፕሮስቴት፣ የሳንባ፣ የኩላሊትና የእንቅርት ዕጢ ካንሰር አጥንት ይወዳሉ።)
2. አከርካሪው ደህና ነው? መቀመጥና መቆም ይችላል? በየትኛው እግሩ መቆም የለበትም?
3. ማስታገሻው በስንት ሰዓት ይሰጣል? በመሀል ሕመሙ ቢብስ የሚጨመር መጠን አለ?
4. ሌሊት ችግር ቢፈጠር ለማን እንደውል?

«ደህና ነው፣ ይንቀሳቀስ» የሚል መልስ አይበቃም። የተጎዳ አጥንት ካለ ከደረጃ 5 በኋላ ያለውን ፊዚዮቴራፒስት አይቶት ካልፈቀደ አትሞክሩ።

ደረጃ 2፦ ክፍሉን አዘጋጁ

አልጋው። መሬት ላይ በተዘረጋ ፍራሽ አስታማሚው ወገቡን ይሰብራል፣ ሕመምተኛውም መነሳት አይችልም። ጫፉ ላይ ሲቀመጥ ሁለት እግሩ ሙሉ በሙሉ መሬት የሚነካበት ከፍታ ይኑረው። ዝቅተኛ ከሆነ በአራቱ እግሮች ሥር ግንድ አስገቡ፤ ግንዱ መሀሉ ጎድጎድ ብሎ ካልተፈለፈለ ግን አልጋው ይንሸራተታል። የአልጋውን ሁለት ጎን ክፍት አድርጉ፤ ግድግዳ የተጠጋ አልጋ ላይ ሰው መገልበጥ አይቻልም።

ወንበሩ። የእኛ አገር ባለ ሦስት እግር በርጩማ ያምራል፣ ለዚህ ሥራ ግን አደገኛ ነው፤ ዝቅ ያለ ነው፣ መደገፊያ የለውም፣ ጎን ሲጫኑት ይገለበጣል። ባለ አራት እግር፣ የጀርባና የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር አሠሩ። መቀመጫው ከመሬት እስከ ሕመምተኛው ጉልበት እጥፋት ያለውን ያህል ወይም 5 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ይሁን። አንድ ተጨማሪ ወንበር መቀመጫው መሀል ተቀዶ ከሥሩ ባልዲ እንዲገባ አድርጋችሁ ካሠራችሁ ትልቅ ሥራ ሠራችሁ። ጅማ አናጢ አይጠፋም፤ ሥዕሉን በወረቀት ስላችሁ ስጡት። ብዙ ውድቀት ያየሁት ክረምት ላይ፣ ሌሊት፣ ጭቃ ረግጦ ግቢ ውስጥ ወዳለው ሽንት ቤት በሚደረግ ጉዞ ነው።

ጨርቁ። ሁለት ጠንካራ አንሶላ፣ አራት ትራስ (ከሌለ ጋቢ ጠቅልሉ)፣ አንድ ረጅም ነጠላ። የሚንሸራተት ምንጣፍና ሰንደል ጫማ ከክፍሉ ይውጣ።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን ከመድኃኒቱ ጋር አስታርቁ

የሚዋጥ ፈሳሽ ሞርፊን በ30 ደቂቃ ገደማ መሥራት ይጀምራል፣ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከወሰደ 2 ሰዓት ከ40 ላይ ጀምሩ። ገላ ማጠብ፣ አንሶላ መቀየር፣ ወንበር ላይ ማውጣት በዚህች መስኮት ውስጥ ይለቅ። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚሰጠው ሕመምተኛው ከጮኸ በኋላ ነው፤ ያኔ ያለቀ ነገር ነው፣ በማግሥቱ ሰውየው ገና ስትጠጉት ይፈራችኋል።

መጠኑን በራሳችሁ አትጨምሩ፣ «ሱስ ይሆንበታል» ብላችሁም አትቀንሱ። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፤ ሐኪሙ ያዘዘው የሆድ ማለስለሻ አብሮ ይሰጥ። ሦስት ቀን ሆዱ ያልወጣ ሰው እንቅስቃሴ ቢጠላ አትፍረዱበት።

ደረጃ 4፦ የዛሬዋን አንዲት ነገር ጠይቁ

«ዛሬ ምን ብታደርግ ደስ ይልሃል?» በሉት። አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው መስገድ ብቻ ነበር የሚፈልጉት። አንዲት እናት ደግሞ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠው ቡናው ሲቆላ ማየት። ቀኑን ሙሉ በአልጋ አረፉ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ለ20 ደቂቃ አወጣናቸው። የተቆላው ቡና ሲመጣላቸው ሽታውን በሁለት እጃቸው ወደ ፊታቸው ሳቡት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያቸው ነበር። ለዚያች 20 ደቂቃ ስንል ጠዋት ገላቸውን አላጠብናቸውም። ጉልበት ውስን ነው፤ በምን እንደሚያወጣው ይምረጥ እሱ።

የእንቅስቃሴውን መጠን በዚህ ለኩ፦ ሲንቀሳቀስ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ይችል። ቃል በቃል እየቆረጠ ካወራ በዛበት። በማግሥቱ ከአልጋ መነሳት ካቃተው ትናንት አብዝታችኋል፤ ግማሹን ቀንሱ። 5 ደቂቃ በቀን ሦስት ጊዜ ከአንድ 15 ደቂቃ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ማገላበጥ

ይህን ሳትችሉ ወደ ቀጣዩ አትለፉ። ቀን ቀን በየ2 ሰዓቱ፤ ሌሊት ቆዳው ደህና ከሆነና ፍራሹ ጥሩ ከሆነ እስከ 4 ሰዓት ሊረዝም ይችላል።

ወደ እናንተ፣ ለምሳሌ ወደ ቀኙ፣ ስታዞሩት፦

1. በሚዞርበት በኩል ቁሙ። ምን ልታደርጉ እንደሆነ ንገሩት፣ እንቅልፍ ላይ ቢመስልም።
2. ራሱ ፊቱን ወደ እናንተ ያዙር። የቀኝ እጁን ከሰውነቱ ራቅ አድርጉ፣ እንዳይተኛበት።
3. ግራ እጁን ደረቱ ላይ አሻግሩ።
4. ግራ ጉልበቱን አጥፉ፣ እግሩ ፍራሹን ይርገጥ። ጉልበቱን ማጠፍ የሚያመው ከሆነ ተዉት፤ በጉልበቶቹ መሀል ትራስ አስገቡና ሁለቱን እግር አብራችሁ አዙሩ።
5. አንድ እጃችሁን ከትከሻው ጀርባ፣ ሌላውን ከዳሌው ጀርባ አድርጉ። ክንዱን ወይም ጭኑን ይዛችሁ አትጎትቱ።
6. «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላችሁ ትከሻና ዳሌን እኩል ሳቡ። ትከሻው ቀድሞ ዳሌው ከዘገየ ወገቡ ይጠመዘዛል።
7. ጀርባው ላይ ትራስ ደግፉ፤ ሙሉ በሙሉ ጎኑ ላይ አይቁም፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይደገፍ። ቀጥ ብሎ ጎኑ ላይ ከተኛ የዳሌ አጥንቱ ላይ ያለው ቆዳ ይቆስላል።
8. በጉልበቶቹ መሀል ትራስ። ከባቱ ሥር ሌላ ትራስ፣ ተረከዙ አየር ላይ እስኪሆን። በእጃችሁ ተረከዙ ሥር ገብታችሁ ፈትሹ።

አከርካሪው የተጎዳ ሰው ከሆነ ይህን ብቻችሁን አታድርጉ። ሦስት ሰው፣ አንድ ቆጣሪ፤ ጭንቅላት፣ ትከሻና ዳሌ እንደ አንድ ግንድ አብረው ይዙሩ።

ወደ ትራሱ ከፍ ለማድረግ ከሥሩ ከትከሻ እስከ ጭን የሚደርስ አንሶላ ታጥፎ ይነጠፍ። ግራና ቀኝ ሁለት ሰው ጫፉን ጠቅልለው ይያዙ፣ ጉልበታቸውን አጠፍ ያድርጉ፣ አብረው አንስተው ይውሰዱት። ቆዳው ፍራሹን እየተፋተገ ከተጎተተ በማግሥቱ ተልጦ ታገኙታላችሁ።

ቆዳው ከቀላ፦ በጣታችሁ ተጭናችሁ ልቀቁ። ነጣ ብሎ ቶሎ ከተመለሰ ጥሩ። እንደቀላ ከቀረ፣ ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ከአካባቢው ይልቅ የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የሚያም ቦታ ከተሰማችሁ ቁስል እየጀመረ ነው። በዚያ ጎን እስኪድን አይተኛ። ቀይ ቦታውን አትሹት። እንደ ቀለበት መሀሉ ክፍት የሆነ መቀመጫም አትግዙ፤ ዙሪያውን ደም አቋርጦ ያብሰዋል።

ደረጃ 6፦ አልጋ ጫፍ ላይ ማስቀመጥ

በጀርባ ከተኛበት ቀጥታ አንገቱን ወይም እጁን ስባችሁ አታስነሱ። መንገዱ በጎን ነው።

1. በደረጃ 5 ጎኑ ላይ አዙሩት፣ ወደ አልጋው ጫፍ ቀረብ ይበል።
2. ሁለት እግሩ ከጉልበት በታች ከአልጋው ይውረድ። የእግሩ ክብደት ላይኛውን አካል ያነሳላችኋል።
3. የታችኛውን ክርኑን ተመርኩዞ በላይኛው መዳፉ ፍራሹን ይግፋ። እናንተ አንድ እጅ ከታችኛው ትከሻው ሥር፣ ሌላው ከላይኛው ዳሌው ላይ።
4. ከተቀመጠ በኋላ 2 ደቂቃ ጠብቁ። ፊት ለፊቱ ሁኑ፣ ጥላችሁት ውኃ ልታመጡ አትሂዱ። እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ላይና ታች ያንቀሳቅስ።

ካዞረው፦ ግንባሩን ላብ ካጠመቀው ወይም ዓይኑ ፈዘዝ ካለ በመጣበት መንገድ በጎኑ አስተኙት። በማግሥቱ መጀመሪያ ትራስ ደራርባችሁ ለ10 ደቂቃ ከፍ ብሎ ከቆየ በኋላ ሞክሩ።

አልጋ ጫፍ ላይ 5 ደቂቃ መቀመጥ ራሱ የቀኑ ሥራ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ጥርሱን ያጽዳ፣ ፊቱን ይታጠብ፣ ውዱእ ያድርግ።

ደረጃ 7፦ ወደ ወንበር

1. ወንበሩን ጠንካራ በሆነው ጎኑ በኩል፣ አልጋውን ተጠግቶ ትንሽ ዞር ብሎ አስቀምጡ። ዊልቸር ከሆነ ሁለቱም ፍሬን ይያዝ፣ የእግር ማሳረፊያው ይነሳ።
2. ነጠላውን አጥፋችሁ ወገቡ ላይ እንደ መቀነት እሰሩ፤ የምትይዙት እሱን ነው። ሆዱ ላይ ቁስል፣ እብጠት ወይም የሰገራ ከረጢት ካለ አትሰሩ፣ ዳሌውን በመዳፋችሁ ያዙ።
3. መቀመጫውን ወደ ጫፍ ያምጣ። እግሮቹ ከጉልበቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይግቡ።
4. ደካማውን ጉልበት በጉልበታችሁ ከፊት ደግፉ።
5. «አፍንጫህን ከእግር ጣትህ በላይ አምጣ» በሉት። ሰው ወደ ፊት ሳያዘነብል አይነሳም፤ ወደ ላይ ብቻ ስታነሱት ነው ሸክም የሚሆንባችሁ።
6. በእጁ ፍራሹን ይግፋ። አንገታችሁን አቅፎ አይንጠልጠል።
7. በሦስት ቁጠሩ፣ ይቁም፣ ቀና ይበል፣ አንድ ጊዜ ይተንፍስ። በትንንሽ እርምጃ ይዙር። ወንበሩ ከጉልበቱ ጀርባ ሲነካው መደገፊያውን ይዞ ቀስ ብሎ ይቀመጥ።

መጀመሪያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቂ ነው። እየተቀመጠ በየ15 ደቂቃው ወደ ጎንና ወደ ጎን ዘንበል ይበል፣ መቀመጫው እንዲተነፍስ።

ጉልበቱ ከከዳው፦ ቀጥ አድርጋችሁ ለመያዝ አትታገሉ። ነጠላውን እንደያዛችሁ ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉት፣ እግራችሁን ወደ ፊት አውጥታችሁ በጭናችሁ ላይ እያንሸራተታችሁ መሬት አስቀምጡት። ወዲያው አታንሱት። የት አመመህ ብላችሁ ጠይቁ፤ አንድ እግሩ ያጠረ ወይም ወደ ውጭ የዞረ ከሆነ ወይም መነካት ካልቻለ አጥንት ነው፣ ሳታንቀሳቅሱ አምቡላንስ ጥሩ። ደህና ከሆነ ትራስ ስጡት፣ ይረፍ፣ ከዚያ በአንሶላ አራት ሰው ሆናችሁ አንሱት።

ደረጃ 8፦ መነሳት ለማይችለው፣ አልጋ ላይ

በቀን ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱን ከ5 እስከ 10 ጊዜ፦ ጣት መጨበጥና መዘርጋት፣ ክርን ማጠፍ፣ ትከሻ ማንሳት፣ ጉልበት ማጠፍ፣ ቁርጭምጭሚት ወደ ላይ መሳብ። ራሱ የቻለውን ራሱ ያድርግ፤ ያልቻለውን እናንተ ከመገጣጠሚያው በላይና በታች ደግፋችሁ በዝግታ። የሚያቆማችሁ የፊቱ መኮማተር ነው፤ ከዚያ አንድ ጣት አታሳልፉ። አጥንቱ የተጎዳውን እጅ ወይም እግር ዝለሉት።

ደረጃ 9፦ ትንፋሽ ሲያጥረው

1. አልጋ ጫፍ ወይም ወንበር ላይ አስቀምጡት፤ ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ ሁለት ትራስ። ክንዱንና ግንባሩን ያሳርፍበት። መቀመጥ ካልቻለ ደረቱ ከፍ ብሎ ጎኑ ላይ ይደገፍ።
2. መስኮት ክፈቱ። በማራገቢያ ወይም በወፍራም ካርቶን ጉንጩንና አፍንጫውን አራግቡ። ፊት ላይ የሚነፍስ ቀዝቃዛ አየር የትንፋሽ ጭንቀትን ያቀላል፤ እርጥብ ጨርቅም ፊቱ ላይ ያግዛል።
3. በአፍንጫው ይሳብ፣ ከንፈሩን እንደሚያፏጭ አጥቦ ቀስ ብሎ ያውጣ። ማውጫው ከመሳቢያው ይርዘም። «ተንፍስ! ተንፍስ!» አትበሉት፤ አብራችሁት ተንፍሱ።
4. ከሰሉና ዕጣኑ ከክፍሉ ይውጣ። ጠያቂ ሲመጣ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ።
5. አልጋውን የከበበ ሰው ሁለት ብቻ ይቅር።

እጅ ወይም እግር ሲያብጥ

የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ክንዷ ካበጠ ከልብ ከፍታ በላይ በትራስ አሳርፉላት፣ ቆዳዋን በየቀኑ ታጥቦ ቫዝሊን ይቀባ፣ በዚያ እጅ መርፌም የደም ግፊት መለኪያም አይግባ። በገመድ ወይም በጠባብ ፋሻ አትሰሩት። ቀልቶ ከሞቀና ትኩሳት ካለ ኢንፌክሽን ስለሆነ ያው ቀን ሐኪም ይየው።

ስለ ወጌሻ

ወጌሻ ለወለምታ የሚጠራበት አገር ላይ እንደምንኖር አውቃለሁ፣ አባቴንም ያሸው ወጌሻ ነበር። ካንሰር ያለበት ሰው ላይ ግን አጥንት መጫን፣ ወገብ ማንኳኳት፣ አንገት ማዞር አይፈቀድም። በካንሰር የተቦረቦረ አጥንት በእጅ ግፊት ይሰበራል። የሚወደው መታሸት ከሆነ ያልቆሰለና ያላበጠ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ መዳፉን ወይም የእግሩን መርገጫ፣ ቆዳው ብቻ እንዲንቀሳቀስ አድርጋችሁ በቅባት ዳስሱት።

ደረጃ 10፦ የመጨረሻዎቹ ቀናት

መብላት ሲተው፣ ቀኑን አብዛኛውን ሲተኛ፣ መዋጥ ሲያቅተው ደረጃ 6፣ 7 እና 8ን አቁሙ። ሌላው ዘመድ «አስነሱት እንጂ፣ ደከመ» ቢል አትስሙ። የሚቀረው ይህ ነው፦

1. ማገላበጡን በትንሹ፣ በዝግታ ቀጥሉ። ሲዞር ፊቱ የሚኮማተር ከሆነ መሀሉን አርዝሙ፤ በአንድ ጎኑ ብቻ ከተመቸው እዚያው ይቆይ።
2. ጉሮሮው ሲያንኮራፋ ወይም ሲንቀረቀር በጎኑ አድርጉት፣ ጭንቅላቱ ትንሽ ከፍ ይበል። ጣት ወይም ጨርቅ ጉሮሮው ውስጥ አታስገቡ።
3. ከንፈሩንና አፉን በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ አርሱ፣ ከንፈሩን ቫዝሊን ቀቡ። መዋጥ ያቃተውን ውኃ አትጋቱት።
4. መዋጥ ካቃተው መድኃኒቱን ወዲያው አታቁሙ፤ በሌላ መንገድ የሚሰጥበትን ለሐኪሙ ደውላችሁ ጠይቁ።
5. ከመገልበጣችሁ በፊት አሁንም ስሙን ጠርታችሁ ንገሩት። እጃችሁን አሙቁ፤ በክረምት ጅማ የቀዘቀዘ እጅ የተኛን ሰው ያስደነግጣል።